ቲቸር ይመር ያወጣልኝ ስም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የጻፍሁት ነገር ቢኖር «ዛሬ ትኩስ ዓሣ አለ» የሚል ነው፤ እሱንም በጠመኔ፣ በምሠራበት ዓሣ ቤት በር ላይ። ትምህርቴን ያቆምሁት ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ ስለሆነ ጽሑፍ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከሰማሁበት ቀን ልጀምር።

ዓሣ የሚያመጣልን አሊ በጠዋት መጥቶ ቅርጫቱን አስቀመጠና፣ «ቲቸር ይመር ደሴ ላይ አረፉ አሉ» አለኝ።

«የትኛው ይመር?» አልሁት። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሩ አንድ ይመር ትመታላችሁ።

«እንግሊዝኛው ናቸዋ።»

አላለቀስሁም። መጥበሻው ላይ ያለውን ዓሣ ማገላበጥ ግን ረሳሁ። የዓሣ ቤቱ ባለቤት መጥታ፣ «ምን ሆነሽ ነው፣ አረረ እኮ» አለችኝ። «ምንም» አልኋት። እውነትም ምን እንደሆንሁ አላውቅም ነበር፤ አሁንም በደንብ አላውቅም። እኝህ ሰው አንድ ቃል ሰጥተውኝ ነበር። ለምን እንደሰጡኝ ሳይነግሩኝ ሄዱ። ወይም ነግረውኝ እኔ አልገባኝ ይሆናል። የምጽፈው ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ቲቸር ይመር አጭር ሰው ነበሩ። ዘወትር የሚለብሱት ቡናማ ኮት ኪሱ በጠመኔ ብናኝ ነጥቶ ነበር። ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። ፀሐይ ሲሆን ይዘረጉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ያጥፉታል። ሰው ሲስቅባቸው፣ «ዝናብ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በር አይዘጋም» ይሉ ነበር። ሰላምታ የሚሰጡት በጃንጥላው እጀታ ነው፤ እሱን ጨብጠን እንነቀንቃለን። ቁጡ ናቸው፤ ጆሮም ይቆነጥጣሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ እናታቸው ግን የእስላም ልጅ ስለነበሩ የረመዷንን የመጀመሪያ ቀን «ለእናቴ» ብለው ይጾማሉ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ዓሣ ይበላሉ። ሰው ሲወቅሳቸው፣ «ዓሣ አራጅ የለውም። እስላሙም ክርስቲያኑም ሳይጠያየቅ ከአንድ ሰሃን የሚበላው እሱን ብቻ ነው፤ ይህን ምግብ መጾም ለእኔ ኃጢአት ይመስለኛል» ይላሉ። ቀልድ ይሁን የምር አይታወቅም። የእሳቸው ነገር ሁሉ እንደዚህ ነበር።

ያስተማሩን እንግሊዝኛ ነው። አንድ ነገር እንዴት እንደሚደረግ የሚናገሩትን ቃላት ይወዱ ነበር፤ ክዊክሊ፣ ስሎውሊ፣ ላውድሊ የሚሉትን። «ስም ማን እንደሆንህ ይነግረኛል» ይሉ ነበር፣ «እኔ ግን እንዴት እንደሆንህ ነው ማወቅ የምፈልገው። አባትህ ያወጣልህን ስም ለአባትህ ተወው።» ከዚያም ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቃል ይሰጣሉ። ቃል ብቻውን አይቆምም፣ ሰው ላይ ካልተቀመጠ ይረሳል ባይ ነበሩ። ስም ሲጠሩም በዚያው በሰጡን ቃል ነው። «ክዊክሊ» ሲሉ እየሮጠ የሚመጣው ልጅ «የስ ቲቸር» ይላል። ብርቱካን የምትባል ልጅ ላውድሊ ነበረች፤ ስትመልስ የጎረቤት ክፍል ይሰማል።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። መጨረሻ ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ነበር የምቀመጠው፤ ከዚያ ሐይቁ ይታያል። ቃል ስላልነበረኝ የሚጠሩኝ በስሜ ነው።

«ሉባባ።»

«የስ ቲቸር።»

«አልሰማሁሽም። የለሽም ማለት ነው?»

በየቀኑ እንደዚያ ነበር። ድምፄ ከጉሮሮዬ አልፎ አይወጣም። ልጆቹ ሁሉ ኳይትሊ የሚለው ቃል የእኔ እንደሚሆን ያውቁ ነበር፤ እኔም እጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን ከክፍሉ ሁሉ ለባሰው ለፍላፊ ለሰይድ ሰጡት። ሰይድ ራሱ ደነገጠ።

«እኔ ቲቸር? ሉባባ እያለች?»

«እሷማ አላት» አሉ። «አንተን ነው የሚያስፈልግህ።»

ስለዚህ ቃል የሚሰጡት አንዳንዱን ስላለው፣ አንዳንዱን ደግሞ ስለጎደለው ነበር። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አይናገሩም። እኔን እስከዛሬ ግራ የሚያጋባኝ ይኸው ነው።

አንድ የበልግ ቀን ከአምባሰል ተራራ ጭጋግ ወርዶ ሐይቁ ላይ ተኛ። ውኃው፣ ሰማዩና ማዶ ያለው ገደል አንድ ቀለም ሆኑ። ካፊያ ነበር፤ የማይበረታ፣ የማያባራ። ቲቸር ይመር ትምህርቱን አቋርጠው ወደ መስኮቱ መጡና ከወንበሬ አጠገብ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩ። እኔም የማየው እሱኑ ነበር። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና፣ «ድሪርሊ» አሉኝ።

ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። መጽሐፋችን ውስጥ አልነበረም።

ሰይድ፣ «ምን ማለት ነው ቲቸር?» አለ።

«ዛሬ ዝናቡ እንዴት ነው የሚዘንበው?»

«ቀስ እያለ።»

«አይደለም። ድሪርሊ ነው የሚዘንበው። ሐይቁስ እንዴት ነው የተኛው? ድሪርሊ ነው የተኛው። በቃ።»

እኔ ደስ አለኝ። ድምፁ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ውኃ ነው። ማንም ያልያዘው ቃል ነው። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ መምህር ለልጇ ስም ማውጣቱን ግን እንደ ሽልማት ቆጠረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ድሪርሊዬ፣ ውኃ ቅጅልኝ፤ ድሪርሊዬ፣ በጉን አስገቢልኝ» ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ዘይነባ የምትባል ሴት አለች፤ ገበያ ላይ ሽንብራና ምስር ትሸጣለች። ልጅ አይበረክትላትም ነበር። የወለደቻቸው ሁሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይቀበራሉ። ያን ዓመት አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣ ሸሁና ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ፤ እኔና እናቴም ነበርን። ሸሁ፣ «ማን እንበላት?» ብለው ጠየቁ።

«ድሪርሊ» አለች እትዬ ዘይነባ።

እናቴ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ይህ ደግሞ የማን ስም ነው?» አሉ ሸሁ።

«የእንግሊዝ ነው። በአጥር ስሰማው ያምረኛል።»

ሸሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ደግ፣ እኛ ኸዲጃ ብለን ዱዓችንን እናድርግ፤ አንቺ እቤትሽ በወደድሽው ጥሪያት» አሉ። እሷም እንደተባለችው አደረገች። ኸዲጃ የሚለውን ስም ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አላነሣውም።

የቃሉን ትርጉም ያወቅሁት ስምንተኛ ክፍል ስንገባ ነው። ሰይድ የወንድሙን ስልክ ይዞ መጥቶ ውስጡ ባለው መዝገበ ቃላት የሁሉንም ቃል ይፈልግ ነበር። የእኔ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ጭፍግግ ባለ፣ በሚያሰለች፣ ድብርት በሞላበት ሁኔታ።» ክፍሉ በሳቅ ተደባለቀ። ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ጭፍግግ ሆንሁ።

እቤት ገብቼ ፊቴን በመስታወት አየሁት። የተናደደ አይመስልም፤ የሳቀም አይመስልም። እናቴን፣ «እኔ ጭፍግግ ነኝ?» አልኋት።

«ሰማዩ ነው የሚጨፈግግ እንጂ ሰው ምን ሆኖ?» አለችኝ። «እሱም ቢሆን ይጨፍግግልን፤ በልግ እንዲዘንብ አይደለም እንዴ የምንለምነው?»

ይህ መልስ አልረዳኝም። ቲቸር ይመርን ደግሞ ደፍሬ መጠየቅ አልቻልሁም። እንደ ወትሮው «ድሪርሊ» ብለው ይጠሩኛል፤ እኔ ከበፊቱ የባሰ በቀስታ «የስ» እላለሁ፤ እሳቸው «አልሰማሁሽም» ይላሉ። ዓመቱ እንደዚያ አለቀ። አባቴ እግሩን ታመመና እኔ ከእትዬ ዘይነባ ጓሮ ጀርባ ያለው ዓሣ ቤት ገባሁ። መካከል ላይ ጦርነቱ መጣ፤ ተበታትነን ተመለስን። የክፍሌ ልጆች ግማሹ ዐረብ አገር፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ናቸው። የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ሰፈር ውስጥ ከእኔ በቀር አልቀረም።

ልጅቷ ግን አደገች። እሷን የመሰለ ሳቂታ አይቼ አላውቅም። ዓሣ ቤት ትመጣና የተጠበሰውን ዓሣ ጭራውን ብቻ ገንጥላ ትሮጣለች። እናቷ ከአጥር ማዶ «ድሪርሊ» ብላ ስትጣራ እኔም ዞሬ አያለሁ። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ስትስቅ መጣች።

«ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። በእንግሊዝኛ ስሟ ነው የማስመዘግባት። መምህራኑ ሲሰሙ ምን ይሉ ይመስልሻል?»

ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። መናገር አልቻልሁም። ልጅ ቀብራ ቀብራ አንዲት ብቻ ለቀረችላት እናት፣ የልጅሽ ስም መጥፎ ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራት? ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ቆማ ልትሰማው ነው፤ ልክ እንደ እኔ።

ቲቸር ይመር በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ቤት እየመጡ ውኃው ዳር ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ከሁሉ ትንሹን ዓሣ ያዝዙና፣ «ስሎውሊ ጥበሽው» ይሉኛል። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ደሴ ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሰሃኑን አስቀምጬ መሄድ ሲገባኝ ቆምሁ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«አልሰማሁሽም።»

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ድሪርሊ ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እርስዎ።»

የዓሣውን አጥንት ከሰሃኑ ጠርዝ ደረደሩ። «አላስታውስም» አሉ። «ስንቱን ልጅ ስንት ነገር ብዬዋለሁ መሰለሽ።»

ይህን መልስ አልጠበቅሁም። ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርሁት ነገር እሳቸው ጋ የለም። «ስላለኝ ነው ወይስ ስለሚያስፈልገኝ?» አልኋቸው።

ሳቁ። «ድሪርሊ መሆን ለማን ያስፈልጋል?» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ምናልባት ያለው እኔ ጋ ይሆናል። ባለቤቴ የታመመችበት ዓመት ነው?» አላውቅም አልኋቸው። «ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ደስ ያለኝ ቃል ይሆናል። ይህን ያህል ያስጨንቅሻል?»

«እኔን አይደለም» አልሁና የእትዬ ዘይነባን ልጅ ነገር ነገርኋቸው።

መጀመሪያ ያላመኑኝ መሰለኝ። ከዚያ ከአጥሩ በኩል «ድሪርሊ፣ ነይ እጅሽን ታጠቢ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ልጅቷም «መጣሁ» ብላ በፊታችን ሮጣ አለፈች። ቲቸር ይመር በዓይናቸው ተከተሏት። ዓሣውን ሳይጨርሱ ተነሡና ጃንጥላቸውን ያዙ።

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

እትዬ ዘይነባ ስታያቸው ሮጣ ምንጣፍ ዘረጋች። «የልጄ ስም አባት» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከሏት። ሻይ አፈላች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ልጅቷ የጃንጥላውን እጀታ ይዛ ትነቀንቃለች።

«ዘይነባ፣ ሻዩን ተይው፤ ቁጭ በይና ስሚኝ» አሉ። «ይህ ስም ጥሩ ስም አይደለም። እኔ ነኝ ክፍል ውስጥ የተናገርሁት፤ ከዚያ ነው የመጣብሽ። ትርጉሙ ጭፍግግ ማለት ነው። ድብርት።»

እትዬ ዘይነባ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። «ጭፍግግ?»

«አዎ። ሰው ሲያየው ፊቱን የሚያዞርበት ነገር።»

«ማንም የማይፈልገው?»

«ማንም።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ለካ ለዚህ ነው ያለፋት።»

ቲቸር ይመር አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

በእኛ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት ለምትወልደው ልጅ ያማረ ስም አታወጣም። ጥራጊ፣ ትቢያ የሚመስል ስም ትሰጠዋለች፤ ሞት ሲጠራ ሰምቶ እንዲንቀውና እንዲያልፍ ነው። እትዬ ዘይነባ ይህን ልማድ ታውቀዋለች፤ ግን እምቢ ብላ ኖራለች።

«ለነዚያ ለሄዱት ያማረ ያማረውን ነበር ያወጣሁላቸው» አለች። «ለአንዷ ጀሚላ፣ ለአንዱ ኑር። ሴቶቹ ክፉ ስም ስጪ እያሉኝ፣ እንዴት ልጄን በክፉ ስም እጠራለሁ ብዬ። ያማረውን ሁሉ ወሰደው። ይህቺን ደግሞ አሳምሬ ጠራኋት ስል፣ አላህ ሳላውቀው ክፉውን በአፌ አደረገው።»

«ዘይነባ፣ ሞት እንግሊዝኛ አይችልም» አሉ ቲቸር ይመር።

«አንቱ ምን ያውቃሉ? እሱ ያልገባበት አገር አለ?»

የተማሩ ሰው መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይህንንም የምጽፈው ልስቅባቸው አይደለም። ራሳቸውም ግማሽ ልባቸው የተቀበለው መሰለኝ፤ «እኔንም እናቴ እቤት ጥራጊ ነበር የምትለኝ» አሉ በቀስታ። ወዲያው ግን ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ቢሆንም ትምህርት ቤት አትግባበት። ልጆች ይስቁባታል። ይህቺን እያት» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ሳቁባት፤ ስምንተኛን ጨርሳ ቀረች።»

ደነገጥሁ። አላስታውስም ብለውኝ አልነበረም? ደግሞስ የቀረሁት በአባቴ እግር ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ግን እውነት መሆኑን እርግጠኛ አልሆንሁም። አባቴ እግሩ ሲሻለው ተመለሺ ብሎኝ ነበር፤ አልተመለስሁም። ለምን እንዳልተመለስሁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ልጅቷ ነገሩን ሁሉ ስታዳምጥ ነበር። «ጭፍግግ ማለት እንዴት ነው?» አለቻቸው።

ቲቸር ይመር ሁልጊዜ ለቃል የሚሆን ሰው ከክፍሉ ውስጥ አያጡም ነበር። አሁን ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ፊት ጭፍግግ አደረጉት፤ ቅንድባቸው ወረደ፣ ከንፈራቸው ተንጠለጠለ። ልጅቷ ሳቀች። እንደገና ሲያደርጉት ሳቋ አንከባለላት። እሷም ልትሞክረው ተነሣች፤ ጉንጯን ነፍታ ታግላ ታግላ አልሆነላትም።

«አየሽ፣ አትችልም» አሉ ለእናቷ። «ስሙ እቤት ይቀመጥ። ደጅ ኸዲጃ ትባል።»

እትዬ ዘይነባ ልጇን ሳብ አድርጋ እቅፏ ውስጥ ከተተቻት። «እኔ ግን በአፌ አልቀይረውም» አለች። «ያሳደገልኝ ስም ነው።»

በዚያ ተስማሙ። በምዝገባው ቀን ቲቸር ይመር ራሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው አብረው ሄዱ። መዝጋቢዋ «ኸዲጃ» ብላ ስትጠራ ልጅቷ ማን ነች ብላ ዞራ ወደ ኋላዋ ተመለከተች አሉ። «አንቺ ነሽ፣ የስ በይ» ብለው በእጀታው ነካ አደረጓት።

ያን ዓመት በበልግ ልጃቸው ከደሴ መጥታ ወሰደቻቸው። ልሰናበታቸው መናኸሪያ ሄድሁ። ጭጋጉ እንደዚያ ቀን ወርዶ ነበር፤ ካፊያውም ያው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጃንጥላቸው ታጥፎ ጉልበታቸው ላይ ተኝቷል፤ መስኮቱ ተከፍቶ ዝናቡ ኮታቸውን ያረጥበዋል። በወረቀት የጠቀለልሁትን ትንሽ ዓሣ ሰጠኋቸው። እኔንስ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ረዳቱ «ደሴ፣ ደሴ» እያለ ይጮሃል፣ ሰዉ ይጋፋል፣ እኔም ወደ ኋላ ተገፋሁ። እሳቸው ግን በደከመው ዓይናቸው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ አዩ። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደ እኔ ዞሩ።

«ድሪርሊ» አሉ፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩበት ድምፅ።

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ «የስ ቲቸር» አልሁ።

የጃንጥላውን እጀታ በመስኮቱ አውጥተው ነቀነቁልኝ።

«አሁን ሰማሁሽ።»